መስመር ያልተሰመረበት ወረቀት

የሃምሳ አለቃ ደምሴን ሞት የነገረኝ ስለ እሳቸው ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ፣ የዱራሜው አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ የነበረ የአዲሎ ነጋዴ ስለ ሾፌሩ መዘግየት፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ምቀኛ ጎረቤቱ ሲያማርር ቆየና ከኪሱ አንድ የታጠፈ ማመልከቻ አውጥቶ፣ «ይኼን የጻፈልኝ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ሞተ እኮ! እንግዲህ ማን ይጽፍልኛል?» አለኝ።

ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያሳየኝ ሻዬን አስቀመጥኩ። ከላይ እስከ ታች በቀይ እርሳስ ለሁለት ተከፍሏል። በቀኝ በኩል «ያየሁት»፣ በግራ በኩል «የመሰለኝ» የሚል ተጽፎበታል።

«ማን ቀበራቸው?» አልኩት።

«የሰፈሩ ሰው ነዋ! ዘመድ የለውም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ከዚህ ከሆሳዕና መንገድ በኩል በእግሯ መጥታ ነበር። አላለቀሰችም። ራቅ ብላ ቆማ አየችና ሄደች።»

ሴትዮዋን አውቃታለሁ። አውቶቡሱ ሞልቶ ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ!» እያለ ሲጮህ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ነጋዴው ቦርሳውን አንስቶ፣ «አትሄድም እንዴ?» አለኝ። ነገ እሄዳለሁ አልኩት።

ከሃምሳ አለቃ ደምሴ ጋር የተገናኘነው ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የዚህ ታሪክ ሰዎች ልጆች ይኖሩባታል። እኔ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በፖሊስ ጣቢያው በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ተቀጥሬ ነበር። ሀዲይኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። አማርኛዬ በዚያን ጊዜ እንደ አዲስ ጫማ ነበር፤ እኮራበታለሁ፣ ግን ይጠብቀኛል። ሃምሳ አለቃ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። እዚህ አገር ስድስት ዓመት ኖረው ከሰላምታ በላይ ሀዲይኛ አይችሉም ነበር። ገበሬ የሚላቸውን ሁሉ የሚሰሙት በእኔ አፍ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

የሚወደዱ ሰው አልነበሩም። አጭር፣ ደረቅ፣ ፊታቸው የማይፈታ። ሰው ሲያወራቸው ሁለት ጣታቸውን የዓይናቸው ቆብ ላይ ጫን አድርገው ያዳምጣሉ፤ ተናጋሪው ተኝተዋል ብሎ ዝም ሲል ደግሞ «ቀጥል፣ ማን ዝም በል አለህ?» ይላሉ። ቀልድ አያውቁም ይባል ነበር። እኔ ግን ያውቁ እንደነበር እመሰክራለሁ፤ የሚስቅላቸው ሰው አጡ እንጂ።

በመጀመሪያው ቀን ማስመሪያና ቀይ እርሳስ ሰጡኝና፣ «ማቴዎስ፣ የሰው ቃል ከመጻፍህ በፊት ወረቀቱን ለሁለት ክፈለው» አሉኝ። «በቀኝ በዓይኑ ያየውን ትጽፋለህ። በግራ የመሰለውን። ሰው ሁለቱን ደባልቆ ነው የሚያወራው። ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ሰው የሚታሰረው ግን በቀኙ ብቻ ነው።»

እንዲህ የሚሠራ ሌላ ጣቢያ ሰምቼ አላውቅም። የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ሥራ ማጓተት ነው ይላቸው ነበር። ኮንስታብሎቹም ከኋላቸው ያሾፉባቸዋል፤ አንዱ «ሚስቴ ራት ደርሷል ስትለኝ፣ አይተሽ ነው መስሎሽ እላታለሁ» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከበርቴ የሆኑ ሰው ፈረስ ጠፋባቸውና አሽከራቸውን አስያዙ። ምስክር መጣ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ፈረሱን በበሩ ሲያስወጣ አይቻለሁ አለ። ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና፣ «ቆመህ ነበር ተቀምጠህ?» አሉት። ተቀምጬ አለ። ተነሱና አንድ ሰዓት በእግር ተጉዘን እቦታው ደረስን። ምስክሩ ተቀምጬበታለሁ ያለው ድንጋይ ላይ እሳቸው ተቀመጡ። ከፊታቸው እንሰት እንደ ግድግዳ ቆሟል።

«ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ፣ ፈረስ ቢያልፍ፣ ጆሮው ብቻ ነው» አሉ። «ማቴዎስ፣ ጠይቀው። ከጆሮው በታች ያለውን ሰው እንዴት አወቀው?»

ተረጎምኩለት። ሰውዬው አንገቱን ደፋና እሱ መሰለኝ አለ። እዚያው ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ዓረፍተ ነገሩን ከቀኝ ሰርዤ ወደ ግራ አዛወርኩት። አሽከሩ ያን ዕለት ተፈታ። ከበርቴው ለመቶ አለቃው ከሰሷቸው፤ እሳቸውም ተግሣጽ ተጻፈባቸው።

ሰው አይገርፉም ነበር። የሚገርፈውንም ይንቃሉ። አንድ ኮንስታብል እስረኛ ሲመታ ደርሰው አለንጋውን ከእጁ ቀሙትና፣ «የተገረፈ ሰው የሚነግረኝ የኔኑ ሐሳብ ነው። የኔን ሐሳብ ደግሞ ሳልገርፈውም አውቀዋለሁ» አሉት። አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መጽሐፍ ወደ ጣቢያው ሲላክ በጋዜጣ ለብደው ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሲጋራ የሚያጠፋበት ነገር አድርጎት ነበር። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስለ ጻድቅ ሰው ሲሰብኩ፣ የሚታየኝ የእሳቸው የደረቀ ፊት ነበር። ቅዱስ አድርጌያቸው ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ መንደር የአንዲት አሮጊት ጎጆ ተቃጠለ። አሮጊቷ ውስጥ ነበረች። ስሟን ለልጆቿ ብዬ እተወዋለሁ። በክረምት፣ ክዳኑ ውኃ በጠጣበት ወቅት ጎጆ በራሱ አይነድም ተባለ። ሰው ነው ያቃጠላት ተባለ። ማን እንደሆነ ግን የሚናገር ጠፋ።

ሃምሳ አለቃ ግን ማን እንደሆነ አወቅሁ ብለው ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ከአንድ ወር በፊት የአሮጊቷ ጎረቤት ሎምቤቦ በድንበር ነገር ጣቢያ መጥቶ ነበር። አሮጊቷ ሁለት እግር እንሰት አልፋ ተክላብኛለች ብሎ ሲከስ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ቀጠሮ ሲሰጠው ተናደደና በሀዲይኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሃምሳ አለቃ፣ «ምን አለ?» አሉኝ። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ፦ «ይቺ ሴትዮ ቤቷ በላይዋ ላይ ይንደድባት።»

የአካባቢው ገዥ፣ ምስለኔው፣ አውጫጭኝ አዘዘ። አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ወጣት ልንገር። ወንጀለኛው ካልታወቀ የመንደሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም አይነሳም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ያየ ሰው ቀርቦ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እነሱም የነገራቸውን ሰው ላይገልጹ ይምላሉ። ያ ነጋሪ «ወፍ» ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ ዳኛም ቢሆን አይጠይቅም።

ሃምሳ አለቃ በጋዜጣ የተለበደውን መጽሐፍ ይዘው ምስለኔው ዘንድ ሄዱ። ተከትያቸው ነበር። «አዲሱ ሕግ አውጫጭኝ የሚባል ነገር አያውቅም» አሉ።

«መጽሐፍህ አዲስ አበባ ይኑር» አላቸው ምስለኔው። «እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ አላቋረጠም። ፖሊሶች ዙሪያውን ቆምን። ላሞች ሳይታለቡ ከየደጁ ሲጮኹ ይሰማል። እኔ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ በአንዲት በርጩማ ላይ፣ ወረቀቴን በቆዳ ሸፍኜ፣ የሚመጣውን ሰው እጠብቃለሁ። ማንም አልመጣም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አባ ኤርጫፎ በየመካከሉ እየተነሡ፣ «ወገኖቼ፣ ያየ ይናገር» ይላሉ። ሕዝቡ ጭቃውን ያያል።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ሴቶቹ በነጠላቸው ከለሏት። ሃምሳ አለቃ እየሮጡ ወደ ምስለኔው ድንኳን ገብተው፣ ቢያንስ እሷን ልልቀቃት ብለው ለመኑ። ስም ሳይሰጡኝ አንድ ሰው አይነሳም፣ አንዷን ብለቅ ሁሉም ምጥ ይይዛቸዋል አለ ምስለኔው። እዚያው ጭቃ ላይ ወለደች። ሃምሳ አለቃ ካፖርታቸውን አውልቀው ላኩላት። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተ። እናቲቱ ካፖርቱን አጥባ ለመመለስ ውኃ ስትጠይቅ ሰማሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

ያን ጊዜ ነው ሃምሳ አለቃ ብቻቸውን ሜዳውን አቋርጠው ወደ አባ ኤርጫፎ የመጡት። ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ተናገሩ። አባ ኤርጫፎ አማርኛ ይሰማሉ። አንዴ ቀና ብለው አዩአቸውና፣ «ራሱ አይመጣም?» አሉ።

«ፈርቷል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ለኔ ነው የነገረኝ።»

አባ ኤርጫፎ ተነሡ። ወፍ ነግሮናል፣ ችቦ ይዞ ሲሄድ የታየው ሎምቤቦ ነው አሉ። ሦስት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ተነፈሰ። ለሎምቤቦ አንድ ቃል የተናገረለት አልነበረም፤ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ከብቱና ወደ ልጆቹ ሮጠ። በባዶው ሜዳ ላይ ተቀምጦ የቀረው እሱና ሚስቱ አበበች ብቻ ናቸው። ሎምቤቦ ቀስ ብሎ በሀዲይኛ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን አለ?» አሉኝ ሃምሳ አለቃ።

«ማን አየኝ? ይላል።»

ፊታቸውን አዙረው ተራመዱ። ወደ ምስለኔው ድንኳን ገብተን የወፉን ቃል ልጽፍ ወረቀት ዘረጋሁ፤ ማስመሪያዬን አነሳሁ። እጃቸውን ማስመሪያው ላይ አሳረፉት።

«ዛሬ አታስምር» አሉኝ።

አላሰመርኩም። «ችቦ ይዞ ወደ አሮጊቷ ቤት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን፣ የነጋሪው ስም በሌለበት፣ ባልተከፈለ ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩት። የአውራጃው ፍርድ ቤት ሎምቤቦን አሥራ አምስት ዓመት ፈረደበት።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ እንደ ድሮው መሥራታቸውን ቀጠሉ። መስመሩ ይሰመራል፤ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም አንዳንዴ ጥያቄው ሲመጣብኝ፣ አማርኛ የሚያውቅ የሆነ ሰው ነግሯቸው ይሆናል እያልኩ ራሴን አስተኛው ነበር። በዚያ ሦስት ቀን ከዓይኔ የራቁበትን ሰዓት ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

ከፍርዱ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በሰኔ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ አዲስ ያመነ ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ይመሰክራል፤ ኃጢአቱንም ይናዘዛል። የሟቿ ምራት አማረች ተነሣች። ያን ቀን በገል ፍም ይዛ ለአማቷ እሳት ልታነድ እንደሄደች፣ ፍሙን ከአሮጊቷ መኝታ ገለባ አጠገብ አስቀምጣ፣ ላሟ ገመድ በጥሳ ስትሸሽ ልትመልስ እንደወጣች፣ ስትመለስ ጎጆው ሲነድ እንዳገኘችና ፈርታ ዝም እንዳለች ተናገረች። «ሎምቤቦ አላደረገም፤ እኔ ነኝ» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ጉባኤው በለቅሶ ተናወጠ። ፓስተሩ ጌታ ይቅር ብሎሻል አላት። ሎምቤቦን ስለማስፈታት ያነሣ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ለሃምሳ አለቃ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ራስህ ሰማህ?»

«ራሴ።»

«የት ተቀምጠህ?»

«ሦስተኛው ወንበር ላይ።»

ጣታቸውን ከዓይናቸው ላይ አላነሱም። ከዚያ «እንሂድ» አሉ። የአማረችን ቃል በተሰመረ ወረቀት ላይ ተቀበልን። ቀኙ ሞላ፤ ግራው ባዶ ቀረ። ወረቀቱን ለአውራጃው ዳኛ ይዘን ሄድን። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ፣ «አንዲት ሴት ጸሎት ቤት ውስጥ አለቀሰች ብዬ ፍርድ አልሽርም» አሉ። «መዝገቡ ውስጥ ችቦ ሲይዝ በዓይኑ ያየ ሰው አለ። ያ ሰው መጥቶ አላየሁም ይበለኝ።» አባ ኤርጫፎ ተጠሩ። ወፉ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም ምያለሁ አልናገርም አሉ። ይህን ሲሉ ወደ ሃምሳ አለቃ አዩ። ሃምሳ አለቃ መስኮቱን ያያሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጡ ሰው ሆኑ። ሎምቤቦን ለማስፈታት ያልጻፉበት ቦታ የለም። የይቅርታ ማመልከቻ ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ይግባኝ ጠየቁ፤ ለጠቅላይ ግዛቱ ጻፉ። እኔ እገለብጣለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ። ወኅኒ ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። አበበች በየቅዳሜው ከመንደሯ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በጭቃው ውስጥ ግማሽ ቀን ተጉዛ ለባሏ ታመጣለች። በጣቢያችን ደጅ ስታልፍ ሃምሳ አለቃ ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር። ምክንያቱን ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ አክብረዋት ነው እል ነበር።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሎምቤቦ ታመመ ተባለ። በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ጠዋት ገብተው በሩን ዘጉና፣ «ማቴዎስ፣ ማስመሪያህን አምጣ» አሉኝ።

«የማን ቃል ነው?»

«የኔ።»

አሰመርኩ። ማስመሪያው ተንሸራተተና መስመሩ ጠመመ። አጥፍተህ እንደገና አስምር አሉኝ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ አስጻፉኝ።

በግራው በኩል እንዲህ ይላል፦ «ቤቱን ሎምቤቦ ያቃጠለው መሰለኝ። ዝቶ ስለነበር እርግጠኛ የሆንኩ መሰለኝ። ሕዝቡ ከዚያ ሜዳ የሚነሣበት ሌላ መንገድ የሌለ መሰለኝ። አንድ ጥፋተኛ ለብዙ ንጹሕ ብሰጥ በደል የሌለበት መሰለኝ። ጥፋቴን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ራሴን ሳላጋልጥ በይቅርታ የማስፈታው መሰለኝ። ጊዜ ያለኝ መሰለኝ።»

«ወደ ቀኙ እለፍ» አሉኝ።

ብዕሬን ወደ ቀኝ አሻገርኩ።

«ያየሁት፦ ምንም።»

ፈረሙ። ቆባቸውንና ቀበቶአቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጠው ለመቶ አለቃው ሰጡት። መቶ አለቃው ሁለት ጊዜ አነበበው። ምስለኔውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ እሱ ራሱም በዚያች አንዲት ወረቀት ውስጥ አሉ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈና፣ «ደምሴ፣ ደክሞሃል። እረፍት ያስፈልግሃል» አላቸው። እሰሩኝ አሉ። የሚያስራቸው ጠፋ። በሳምንቱ አእምሯቸው ተነክቷል የሚል ደብዳቤ ተጽፎ ከሥራ ተሰናበቱ። ደብዳቤውን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ።

ያለ ማዕረጋቸው፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ወደ ዳኛው ሄዱ። እንድከተላቸው ጠየቁኝ፤ ተከተልኳቸው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «አቶ ደምሴ፣ በሕመም የተሰናበተ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አሉ። «ወፍ እንዳልነበረ የሚያውቅ፣ በቦታው የነበረ ሌላ ሰው አለ?»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ አልዞሩም። ዞረው ቢሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። እኔ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ። እናቴንና ሁለት እህቶቼን የማስተዳድረው በዚያ ሥራ ነበር፤ ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፣ ማመካኛው ይህ እንደነበር እንዲታወቅ ነው። ዳኛው መዝገቡን ዘጉት።

ሎምቤቦ በዚያው ሳምንት ዓርብ ሞተ። ቅዳሜ አበበች ቆጮዋን ይዛ ወኅኒ ቤቱ በር ደረሰች። ሃምሳ አለቃ እኔን ይዘው ቀድመዋት እዚያ ቆመዋል። ዘበኛው ሳይነግራት ራሳቸው ሊነግሯት ፈልገው፤ ግን ቋንቋዋን አይችሉም። «ንገራት» አሉኝ። ባሏ መሞቱን ነገርኳት። «የገደልኩት እኔ ነኝ በላት» አሉኝ። እሱንም ተረጎምኩ። ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው አየች። ቆጮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሬሳውን ልትረከብ ገባች። የእኔ ድርሻ አልተነገራትም። የምተረጉመው ሌሎች የሚሉትን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ አዲሎ ገቡ። መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። እኔ ወደ ሆሳዕና ተዛውሬ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ሆንኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ አንድ የእሳቸው ማመልከቻ በጠረጴዛዬ ላይ ያልፋል፤ ሟቹ ሎምቤቦ ንጹሕ ስለሆነ ስሙ ከፍርደኞች መዝገብ እንዲሰረዝ፣ የነፍሰ ገዳይ ልጆች እየተባሉ የሚሰደቡት ልጆቹም በአባታቸው ስም እንዲኮሩ። በቀኙ «ምንም» ይላል። በየዓመቱ «ደጋፊ ማስረጃ ስለሌለው አልተቀበልነውም» ተብሎ ይመለሳል። ማኅተሙን የምመታው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ አዲሎ ሄጄ አገኘኋቸው። ሸብተዋል፤ ዓይናቸውን የሚጫኑት ጣቶች ቀጥነዋል። አልወቀሱኝም። ሻይ አስመጡልኝ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ልሄድ ስነሳ፣ «ማቴዎስ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ ምን አየህ?» አሉኝ።

ምን እንደሚፈልጉ አውቄያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈልጉት።

«የቸኮሉ መሰለኝ፣ ሃምሳ አለቃ» አልኳቸው።

ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ፈገግ አሉ። «ግራ ላይ ጻፈው እንግዲህ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

የሞታቸውን ወሬ በሰማሁበት ቀን ከመናኸሪያው ቤቴ ተመልሼ ማስመሪያ አወጣሁ። ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩት። በግራው «ምንም» ብዬ ጀመርኩ። በቀኙ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሦስቱንም ቀን ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከመንደሩ ሰው ወደ እነሱ የቀረበ አላየሁም። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ሀዲይኛ አይችሉም ነበር፤ ከመንደሩ ሰው ጋር የሚነጋገሩት በእኔ ነው። በእኔ በኩል ሎምቤቦን አየሁ ያላቸው ሰው የለም። ለአባ ኤርጫፎ ከመናገራቸው በፊት፣ ከእኔ ተለይተው ከመንደሩ ሰው ጋር ሲነጋገሩ አላየሁም። የወፉ ቃል ሲጻፍ መስመሩን እንዳላሰምር ከልክለውኛል። ይህን ሁሉ ያን ቀን አይቻለሁ።»

በማግስቱ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ፤ ዱራሜ ግን አልደረስኩም። መንገድ ላይ ወርጄ ወደ መንደሩ በእግሬ ገባሁ። አበበች እንሰቷ መሐል ነበረች። አርጅታለች። ወረቀቱ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ መሆኑን ነገርኳትና በሀዲይኛ አነበብኩላት።

«የፈረምክበት ነው?» አለችኝ።

«ፈርሜበታለሁ።»

«ከሥራ ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኛል።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችና በቀይ መስመሩ ላይ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አሳለፈች። ማንበብ አትችልም።

«ባሌ ወኅኒ ቤት ሳለ በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነገር አይጠይቀኝም ነበር» አለችኝ። «ማን አየኝ? ነበር የሚለኝ። ማን ነው ያየኝ? በየመንደሩ ዞሬ ጠየቅሁለት፤ አላገኘሁም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ምንም ሳያደርግ፣ ያየው ሰው አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ» አልኳት።